ስለ አባባ እግር ብቻ

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ጂዳ

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱ እንዴት አደረገሽ? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ግንባርሽን በሻርፕ አስረሽ ነው የምትሠሪው? የማዳምሽ ልጆች ስምሽን በትክክል መጥራት ለመዱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ በርበሬዋን አልተወችም። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ክረምቱ ዘንድሮ ቶሎ ገባ፤ ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ደመና ቀኑን ሙሉ ቡታጅራ ላይ ተኝቶ ይውላል። የጓሮው እንሰትም በርትቷል። አንዱ ብቻ ጎድሏል፤ እሱን በኋላ እነግርሻለሁ።

ስልክ ላይ ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። አንቺ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አለሽ?» ስትይ እኔ አለሁ፤ ቃሉ ነው የማይመጣልኝ። ሰሞኑን አባባን ስትጠይቂኝ ስልኩን ለእማ ሰጥቼ ጓሮ የምሄደው ለዚህ ነው። እማም «ተኝቷል» ትልሻለች። አሁን ዘይባ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ጂዳ ልትመለስ ስለሆነ በእሷ እጅ ደብዳቤ ልላክልሽ ብዬ እማን ጠየቅኳት። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። የያዘችውን ቀንጥሳ ጨረሰችና «ጻፊላት። ግን ስለ እግሩ ብቻ ጻፊ» አለችኝ። ለምን እንዳለች አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ አባባ እግር ብቻ ነው የምጽፍልሽ።

አንቺ ስትሄጂ አባባ ሰሜን፣ ጦር ሜዳ ነበር። ሲመለስ አላየሽውም። በቪዲዮ ስትደውዪም ፊቱን እንጂ እግሩን አሳይቶሽ አያውቅም፤ «ሰው አገር ያለች ልጅ ጠባሳ አይታ እንዳትውል» ይል ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የመድፍ ፍንጣሪ ነው የመታው። ቀኝ እግሩን፣ ከጉልበቱ በታች። ሙንታሲር የሚባል የቆሼ ከተማ ልጅ የቡድናቸው የሕክምና ረዳት ነበር። የራሱን ቀበቶ ፈትቶ ከአባባ ጉልበት በላይ አሰረው፤ በመሃሉ እንጨት አስገብቶ ጠመዘዘው። አባባ ከሕመሙ የተነሳ እናቱን አባቱን ሲሰድበው ሙንታሲር «ስደበኝ ጋሼ፣ በደንብ ስደበኝ፣ የሚሳደብ ሰው አይሞትም» ይለው ነበር አሉ። ደሙ ቆመ። ከዚያ ሙንታሲር ሌላ ቁስለኛ ላምጣ ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። ሱሪው ያለ ቀበቶ ስለነበር በአንድ እጁ ይዞት ነው የሮጠው። አባባ ይህን ሲናገር ሁልጊዜ ድምፁ የሚሰበረው ሱሪው ላይ ሲደርስ ነው።

መኪና ማለፍ ስላልቻለ አባባ እግሩ እንደታሰረ ከረፋድ እስከ ምሽት ዋለ። ያን ያህል የቆየ እግር ሞቷል ተብሎ ይቆረጣል። የመስክ ሆስፒታሉ ሐኪም ግን ከመቁረጡ በፊት ከፍቶ አየው። ከግራ እግሩ የደም ስር ወስዶ ለቀኙ ሰፋለት። እግሩ ሞቀ። ያ ሐኪም እንደ አባባ በጦር ሜዳ እግራቸውና እጃቸው የታሰረ ቁስለኞችን እየመዘገበ ያጠና ነበርና በኋላ ጥናቱን ጽፎ አወጣው። ጥናቱ የሚለው ሁለት ነገር ነው አሉ። አንደኛው፣ ቶሎ የታሰረ ሰው ይተርፋል። ሁለተኛው፣ ብዙ የቆየ እግር እንኳ ሳይከፈትና ሳይታይ አይቆረጥ። ከታሰሩት ሁሉ ረጅሙን ሰዓት የቆየው የአባባ እግር ነበር።

ስለ ጥናቱ ይህን ሁሉ የነገረን መምህር ኢዮብ ነው። ወልቂጤ የጤና ተማሪዎችን ድንገተኛ ሕክምና ያስተምራል። ጥናቱ ውስጥ ያለው ሰው ቡታጅራ እንደሚኖር ሰምቶ ቤታችን ድረስ መጣ። ጥናቱን የሌላ አገር ሐኪሞች ሳይቀሩ በየጽሑፋቸው እንደሚጠቅሱት፣ እዚህም አምቡላንስ ላይ የሚሠሩት በእሱ መሠረት መሠልጠን እንደጀመሩ ነገረን። አባባ አፉን ከፍቶ ሰማው። ሲጨርስ «ስሜ አለበት?» አለው። መምህር ኢዮብ ጥናት ላይ የታማሚ ስም አይጻፍም አለው። «የሙንታሲርስ?» አለ አባባ። የሙንታሲርም የለም፤ «በጓዱ ቀበቶ የታሰረ» ነው የሚለው። አባባ ትንሽ አስቦ «ይሁን፣ እግሬ ካለበት ይበቃል» አለ። እማ ከማጀት «እኔ ባሌን ላክሁ፣ እነሱ እግሩን እንግሊዝኛ አስተምረው መለሱልኝ» ስትል ሁላችንም ሳቅን። መምህር ኢዮብም ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር አባባ ወልቂጤ ይጠራ ነበር። እኔ ስምንተኛን ጨርሼ ቤት ከዋልሁ ጀምሮ ምርኩዙን የምይዝለት እኔ ነኝ። ሳላሀዲንን ታስታውሺዋለሽ፣ የጎረቤታችንን ልጅ? አሁን ባጃጅ ይነዳል። እስከ መናኸሪያ የሚያደርሰን እሱ ነው። አባባ ተተኩሶ ብረት የመሰለ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ «የእግር ፕሮፌሰር መጡ፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላል። አባባም «አንተ ሁለት እግር ይዘህ ስምንተኛን አላለፍክም፣ እኔ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ይለዋል። እኔ ስምንተኛ መባሉን ስሰማ አንገቴን እደፋለሁ፤ ለእኔ እንዳልሆነ ባውቅም።

ክፍሉ ውስጥ እኔ የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። መምህር ኢዮብ «መጽሐፋችሁን ዝጉ፣ መጽሐፉ ራሱ መጥቷል» ይላል። አባባ ሱሪውን ይሰበስባል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ተንበርክከው በእግሩ ጀርባ ላይ ትርታውን በጣታቸው ይፈልጋሉ። እሱ ከላይ ሆኖ «አለ?» ይላል። «አለ» ይላሉ። «አለ?» «አለ!» ከዚያ ተነስቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይራመዳል፤ ያጨበጭባሉ። ግን ሳይጠይቃቸው አይለቃቸውም። «ማን አሰረው?» ይላቸዋል። «ሙንታሲር!» ብለው ይጮኻሉ። «አልሰማሁም!» «ሙንታሲር!» እህቴ፣ ያን ጊዜ የአባባን ፊት ብታዪው። ቤት ውስጥ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን እያየ «ስሙ ዛሬም ተጠራ» ይለኛል።

መምህር ኢዮብን ባገኘው ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው። «ስንት ሰው ጠቀሰው?» ልክ የኳስ ውጤት እንደሚጠይቅ ሰው። ቁጥሩ ጨምሮ ከሆነ ሳላሀዲንን ሻይ ይጋብዘዋል።

እግሩ መታመም የጀመረው ባለፈው በጋ ነው። ከስፌቱ በታች አጥንቱ አጠገብ ትንሽ እብጠት ፈነዳና መግል ያዘ። እማ አስታራ የሚባለውን እንሰት ቆፍራ ሥሩን፣ አምቾውን ቀቀለችለት። የጎደለው እንሰት እሱ ነው። አስታራ የተሰበረ እንደሚጠግን፣ በሰውነት የቀረ ክፉ ነገርም እንደሚያወጣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። በወተት ጠዋት ጠዋት በላ። መግሉ በዛ። እኛም ደስ አለን። እማ ጨርቁን እያጠበች «ይውጣ፣ ይውጣ፣ ያ የቀረው የመድፍ ብረት ነው የሚወጣው» ትል ነበር። ጎረቤቶችም «አስታራው ሠርቷል» አሉ። መግሉ በጨመረ ቁጥር ዳነ ብለን ስናመሰግን ከረምን።

ክረምት መግቢያ ላይ እንደገና ወልቂጤ ተጠራ። በዚያን ቀን ሽቶ ተቀባ። ሚኒባስ ውስጥ ሽቶውም ሌላውም ሽታ ይመጣ ነበር፤ አጠገባችን የነበረች ሴትዮ ልጇን አቅፋ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። አባባ እንዳላያት ሆኖ ውጭ ውጭ ያያል። ክፍሉ ውስጥ የመጀመሪያዋ ተማሪ ተንበረከከች። የጉንችሬ ልጅ ናት፤ ቀደም ሲል በሩ ላይ ስሜን ጠይቃኝ ነበር። ጣቷን እግሩ ጀርባ ላይ አድርጋ ቆየች። አባባ «አለ?» አላት። እንደገና «አለ?» አላት። ልጅቷ መምህሯን አየችው፤ አይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ይሞቃል» አለች። አባባ ሳቀና «እጇ ቀዝቅዞ ነው» አለ። የሳቀ ግን እሱ ብቻ ነበር። «ማን አሰረው?» ብሎ ሲጠይቅም የመለሱለት ሁለት ሦስት ናቸው።

መምህር ኢዮብ ውጭ ጥላ ስር አስቀመጠንና ጨርቁን ራሱ ፈታው። ከዚያ «ሃምሳ አለቃ፣ ይህ አጥንት ሞቷል። ከጉልበት በላይ መቆረጥ አለበት፣ ዛሬ ነገ ሳይባል» አለው። አባባ «አንተ አይደለህም እንዴ አይቆረጥም እያልክ የምታስተምረው?» አለ። መምህር ኢዮብ ጥናቱ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው አንድ ወር ብቻ እንደሆነ ነገረው። በወሩ መጨረሻ እግሩ ሞቆ ከተገኘ «ድኗል» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ማንም አልተከታተለም። «ስለዚህ አይስጉ፣ ቢቆረጥም ጥናቱ ላይ የሚቀየር ነገር የለም» አለው። ሊያጽናናው ነው እንዲህ ያለው። መልካም ሰው ነው። አባባ ግን እንደተመታ ሰው አየው። «የሚቀየር ነገር የለም?» አለ። «የለም።» «እንግዲያው እናንተ ጋ ያለው እግር ሌላ ነው። እኔ ጋ ያለውን ማንም አያውቀውም» አለ።

እኔም አንድ ነገር ጠየቅሁ። አትስቂብኝ፤ እዚያ ክፍል ደጃፍ ስመላለስ ለመምህር ኢዮብ ከሰላምታ ሌላ የተናገርሁት ይህን ብቻ ነው። ከወሩ በኋላ የሆነው አይጻፍም ወይ አልሁት። «ይጻፍ ነበር፣ ግን የአንድ ሰው እግር ብቻውን ጥናት አይሆንም» አለኝ። ረጅሙን ሰዓት የቆየውስ ያኔም አንድ ሰው አልነበረም ወይ ልለው ፈለግሁ።

መምህር ኢዮብ ሲሸኘን ያለ እግሩም ወደ ክፍል መምጣት እንደሚችል፣ ተማሪዎቹ እንደሚወዱት ደጋግሞ ነገረው። አባባ ምን እንዳለው ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። «እግር የሌለው ወታደር በየከተማው አለ። እግር የሌለው ሰው የመድፉ ሥራ ነው። የሙንታሲር ሥራ ይሄ ነው» ብሎ ያበጠውን እግሩን በመዳፉ መታው። ሕመሙ ፊቱን አጨማደደው። እንደገና መታው።

ከዚያ በኋላ ማን ያልለመነው አለ? እማ ለመነችው። ኢማሙ መጥተው ነፍስ አደራ ናት አሉት። ሳላሀዲን ቀልዱን ትቶ ለመነው። «የሙንታሲር እናት ቆሼ ናት፣ መቃብሩን እንኳ አታውቀውም። ከእሱ የቀረው ይሄ ነው። ቆርጬ የት ልጣለው?» ይላቸዋል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እግሩ ጠቆረ። ትኩሳቱ ሲመጣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ሲለቀው «አያችሁ፣ ተሻለኝ» ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እማ ገበያ ሄዳ ብቻችንን ነበርን። ጨርቁን ልቀይርለት ፈትቼ ከነመግሉ መሬት ላይ ጣልሁት። ከዚያ የሆነውን እኔም አላውቀውም፤ ጮህሁ። እኔ፣ እህቴ፣ ያቺ ዱቄት ልትበደር ሄዳ እንኳ ሳትጣራ በር ላይ ቆማ የምትመለሰው ልጅ። «ሙንታሲር ያሰረው እግሩን አይደለም! አንተን ነው ያሰረው! አንተ እንዳትፈስ ነው!» ብዬ ጮህሁበት። የጎረቤት ዶሮዎች ሳይቀሩ ደነገጡ። አባባ እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ። አልተቆጣኝም። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እማ ስትመለስ «ልጄ ድምፅ አላት ለካ» አላት። ከዚያ «ሳላሀዲንን ጥሩልኝ» አለ።

እንደዚያ ሆነን ሆስፒታል ሄድን። ሳላሀዲን ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ በቀስታ ነዳ። እዚያ ያየችው ሐኪም ሴት ናት፤ ወጣት ናት። መግሉ ወደ ደሙ መግባቱን ለእማ ነገረቻት። እንቆርጠዋለን፣ ከዚያ ያለውን አላህ ያውቃል አለች። ስለ ጥናቱ እሷም ተምራው ኖሮ «ያ እግር ይሄ ነው?» ብላ ቆማ አየችው። አባባ «ይሄ ነው» አላት፤ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ኩራት ነበረው። «ማን እንዳሰረው ታውቂያለሽ?» አላት። አላወቀችም። ነገራት። «ሙንታሲር» ብላ ደገመችው። ከዚያ ወሰዱት።

እግሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን። ሳላሀዲንና የሰፈሩ ወንዶች ወስደው የመቃብሩ ዳር፣ ከግራሩ ስር ቀበሩት። አባባ ሲነቃ የት እንዳደረሱት ጠየቀ። ነገሩት። «መልካም አደረጋችሁ። እኔ ሁልጊዜ ቦታ ስሻማ ነው የኖርሁት፤ አሁን እግሬ ቀድሞ ሄዶ ይያዝልኝ» አለ። ሳላሀዲን ሊስቅ ሞከረና ወጥቶ ሄደ።

ማታውን የሌለው እግሩ አሳከከው። አውራ ጣቱ ነው አለ። «እከኪልኝ» አለኝ። ምን ላድርግ? አንሶላው ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ አከክሁለት። «ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ» አለኝ። ወደ ውስጥ አከክሁ። «እፎይ፣ እሱ ነው» አለና አይኑን ጨፈነ።

ስለ እግሩ የምጽፍልሽ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ እግር አይደለም፤ እማም ከልክላኛለች።

ሌላ ሌላውን ልጻፍልሽ። መምህር ኢዮብ ከወልቂጤ መጥቶ ነበር፤ የጉንችሬዋን ልጅና ሌሎች ተማሪዎችን ይዞ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ከሰው ጋር ተቀምጠው ዋሉ። ሲነሳ ማንም ሳይጠይቀው «ቁጥሩ ጨምሯል፣ በዚህ ወር ሦስት ሰው ጠቅሶታል» አለ፤ ግድግዳውን እያየ ነው የተናገረው። ለክፍሉ ደግሞ ከውጭ የላስቲክ እግር መጥቶላቸዋል። ሲጫኑት ይደማል፣ ሲያስሩት ይቆማል አለኝ። ጥሩ ነው። የላስቲኩ እግር ግን ማን አሰረው ብሎ አይጠይቃቸውም።

የአባባን ጫማ እማ ለሳላሀዲን አባት ሰጠቻቸው። ቀኙን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሁለቱንም። ምርኩዙን እኔ አስቀርቼዋለሁ። መድኃኒቱን ከዚያ ገዝተሽ ልትልኪ ነበር፤ አትላኪው። እግሩ የያዘለት ቦታ ጥሩ ነው ይላል ሳላሀዲን። ሰፊ ነው፣ ዝናብ አይቋጥርም፣ ግራሩ ጥላ አለው።

ዘይባ ቤቴ ነይ ስትልሽ እረፍት ጠይቀሽ ሂጂ። አርብ ጠዋት ማልዳ ትጠራሻለች። የአገራችን ሴቶችም እዚያ ይጠብቁሻል፤ ለምን ተሰበሰባችሁ ብለሽ በር ላይ አትቁሚ። ግቢና ተቀመጪ። እኔ እዚያ ብኖር አጠገብሽ ዝም ብዬ እቀመጥልሽ ነበር፤ እሱን እችላለሁ።

አላህ ልብሽን ያጽናልሽ። እጅሽን ከእሳት፣ ስምሽን ከክፉ አፍ ይጠብቅልሽ። በሰው አገር ብቻሽን አያስለቅስሽ። ለመጪው አረፋ አንቺን ለደጃችን፣ እኛን ለአይንሽ ያብቃን። እማ ግንባርሽን ስማሻለች፤ ጥጃዋን አንቺ ስም እስክታወጪላት ዝም ብለን «ነይ» እያልን ነው የምንጠራት።

አንድ ቀን ብቻ የጮኸችው ታናሽ እህትሽ
ቡታጅራ